ለማን ነው ያለቀስከው?

ሰው ሞቶበት የማያለቅስ አይቻለሁ። ማን እንደሞተ ሳያውቅ ሲንሰቀሰቅ የዋለ ሰው ግን ከራሴ ሌላ አላውቅም። ይህን ገጠመኝ እስከ ዛሬ ያወራሁት ለሦስት ሰው ነው። ሁለቱ ሳቁ፣ አንዷ አልሳቀችም። እናንተ እንዳሻችሁ።

ሱራፌል እባላለሁ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ያኔ ሳሪስ ባለ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ የፕሮግራመሮች ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስል እንዳትፈሩኝ። መጀመሪያ አምስት ነበርን፤ ሦስቱ በየተራ ለቀቁና የቀረነው እኔና ሐና ብቻ ነን። ስለዚህ ኃላፊነቴ በሐና ላይ ነበር ማለት ነው። የምንሠራው የጭነት መኪኖች ወረፋ የሚይዙበትን ሲስተም ነው። ሾፌሩ ቃሊቲ መጋዘኑ ድረስ መጥቶ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ከሚውል፣ ባለበት ሆኖ በስልኩ ተራ ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ መልእክት ይገባለታል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የአምስት ሰው ሥራ ለሁለት ሰው መቅረቱ ነው ችግሩ።

እናንተ መስኮት ላይ ቆማችሁ «ሲስተም የለም» ስትባሉ ተናዳችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ያን ጊዜ የሚደወለው፣ ቀደም ብለን የሠራናቸውን ሲስተሞች ለምጠብቀው ለእኔ ነው። ምሳ ላይ፣ ሻወር ውስጥ፣ ቅዳሴ መሃል ይደወላል። እየቆየ ስልኬ ሳይጠራም ኪሴ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ጀመር። ኢሜይል መክፈት ፈራሁ፤ ያልተነበቡት ቁጥራቸው በጨመረ መጠን ፍርሃቴ አብሮ ጨመረ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ብሎኮቹ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። አንድ ቀን የሰው በር በቁልፌ ስታገል ባለቤቷ ከፈተችና «ሱሬ፣ ያንተ ብሎክ ያኛው ነው» ብላ እየሳቀች መለሰችኝ። በሳምንቱ ያንኑ በር ደገምኩት። «ደህና ነህ ግን?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኳት። ያን ዓመት ለሁሉም ሰው የምመልሰው እሱን ነበር።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ።

አዲሱ የወረፋ ሲስተም ሥራ የሚጀምረው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ተብሏል። ሳምንት ሲቀረው ሐና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛዬ ስባ ተቀመጠች።

«ሱሬ፣ አባዬ ደከም ብሏል። ሁለት ቀን ፍቀድልኝ፤ አጠገቡ ልሁን» አለችኝ።

«ሐንዬ፣ ሐሙስ ይህ ነገር ይውጣና ሳምንቱን ሙሉ ውሰጂ። አሁን አንቺ ከሄድሽ ብቻዬን አልችለውም።»

አልተከራከረችኝም። ወንበሯን መልሳ ወሰደች። ብትከራከረኝ ምናልባት እሺ እላት ነበር እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከርሜያለሁ። ውሸቴን ነው።

ሰኞ ከሰዓት እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ እያለች ስልኳ ጠራ። አንስታ «እሺ፣ እሺ» ብቻ አለችና ነጠላዋን ይዛ ወጣች። ላፕቶፑን አልዘጋችውም። አባቷ እንደሞቱ የነገረኝ ዘበኛው ነው። እኔ ያን ጊዜ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ተነስቼ ሄድኩና ሳታስቀምጠው የወጣችውን ሥራ ሴቭ አደረግኩት።

ማክሰኞ የቢሮው ሰዎች በመኪና ተጭነው ቀብር ሄዱ። እኔ «ሲስተሙ» ብዬ ቀረሁ። ረቡዕም ቀረሁ። ሐሙስ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ድንኳኑ ይነሳል። ያ ካለፈ በኋላ የሐናን ፊት ምን ብዬ እንደማየው እናንተም ታውቁታላችሁ። እኛ አገር ሠርግ የቀረ ይቅር ይባላል፣ ለቅሶ የቀረ ግን ሲነሳበት ይኖራል። ያውም እኔ፣ አባቷ ሲሞቱ አጠገባቸው እንዳትሆን ያደረግኳት ሰው!

ሐሙስ ጠዋት ከቤት እየሠራሁ ቆየሁና ስድስት ሰዓት ገደማ ላፕቶፔን በቦርሳ ይዤ ወጣሁ። ዕቅዴ ግልጽ ነበር፤ አቃቂ ሄጄ አሥራ አምስት ደቂቃ ለቅሶ እቀመጣለሁ፣ ሐናን እግዚአብሔር ያጽናሽ እላታለሁ፣ ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሳሪስ እደርሳለሁ። እኔ ካልደረስኩ ሲስተሙን የሚያስነሳው ሌላ ሰው የለም። ሾፌሮቹ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በአዲሱ ተራ እንደሚስተናገዱ ተነግሯቸዋል።

በአውቶቡስ ቃሊቲ፣ ከዚያ በታክሲ አቃቂ ደረስኩ። የቢሮአችን ጸሐፊ «ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ስትገባ ድንኳን ታያለህ» ብላኛለች። ገባሁ፤ ድንኳን አየሁ። ጫማዬ ላይ ያለውን አቧራ አራግፌ፣ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኩና ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ከሰባት ስምንት ሰው በላይ አልነበረም። ገርሞኛል፤ ሐና ወዳጅ የምታበዛ ልጅ ናት። ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ሰው ሄዶ ይሆናል አልኩ። ጠረጴዛው ላይ የሟች ፎቶ ቆሟል፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ጆሮአቸው ሰፋ ያለ ሰው ናቸው። ሐናን በምንም አይመስሏትም። «ለካ እናቷን ነው የመሰለችው» አልኩ። ሐና ደግሞ ሴቶቹ ጋር ቤት ውስጥ ትሆናለች። ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ። ፕሮግራመር እንዲህ ነው፤ የተበላሸውን ነገር አይቶ እንኳ «አይ፣ ምክንያት ይኖረዋል» ይላል።

አጠገቤ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አባባ ተክሌ እንደሚባሉ በኋላ አወቅኩ። ንፍሮ የያዘች ልጅ መጥታ በእጄ ላይ ዘገነችልኝ። ልነሳ አምስት ደቂቃ ስለቀረኝ ቶሎ ቶሎ መቆርጠም ያዝኩ።

«ቀስ ብለህ ብላ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው። «ቦርሳህንም አስቀምጠው፤ ማንም አይወስድብህም። እዚህ የሚያስቸኩል ነገር የለም።»

ለካ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌው ነበር።

እዚህ ጋ የሆነውን አሁንም በደንብ ማስረዳት አልችልም። «የሚያስቸኩል ነገር የለም» የሚል ቃል ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆኖኝ እንደነበር እንጃ። ንፍሮው አልወርድ አለኝ። መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ከዚያ ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ድምፅ ወጣ፤ የእኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት ሰዎቹ ዞረው ሲያዩኝ ነው። ላቆመው ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ከቤት ወጥተው መጡ። «ማነው እንዲህ የሚያለቅሰው?» አሉ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብለው ራሴን ወደ ትከሻቸው ሳቡትና አብረውኝ አለቀሱ። «ወንድሜን፣ ወንድሜን» ይላሉ። የሐና አክስት መሆናቸው ነው አልኩ በልቤ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ነኝ የከለከልኳት» እላቸዋለሁ። እሳቸው ምን እንደምል አልገባቸውም። ለእኔም የገባኝ አይመስለኝም፣ ብቻ ደጋገምኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። ተኛሁ። ለቅሶ ቤት፣ አግዳሚ ላይ፣ በቀን ብርሃን ተኛሁ።

ስነቃ ላዬ ላይ ጋቢ አለ። የአባባ ተክሌ ጋቢ ነው፤ እሳቸው በኮት ብቻ ተቀምጠዋል። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ብርሃን ቦታውን ቀይሯል። ስልኬን አወጣሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ይላል።

ሲስተሙ በዘጠኝ ሰዓት መነሳት ነበረበት። አሁን ሳሪስ ቢሮ ውስጥ ያለውን ጩኸት አሰብኩት፤ ሾፌሮቹ፣ ደንበኛው፣ አለቃዬ ቢኒያም። ስንት ጊዜ እንደደወሉልኝ ለማየት ስልኩን ነካ አደረግኩ። አንድም የደወለ የለም። ደግሜ አየሁ። ምንም። ይህ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ አስፈራኝ። ሰው ተስፋ ሲቆርጥብህ ነው መደወል የሚያቆመው። ቢኒያም ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም።

«አባባ፣ ልሂድ፣ በጣም ረፍዶብኛል» አልኩ እየተነሳሁ። «ሐናን ግን አንድ ጊዜ ልያት፤ ይጥሩልኛል?»

«ሐና ማናት?»

«ልጃቸው ነቻ! የሟች ልጅ። የሥራ ባልደረባዬ ናት።»

አባባ ተክሌ ፎቶውን አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ንጉሤ እኮ አልወለደም» አሉኝ።

«ንጉሤ?»

«ንጉሤ ነዋ የሞተው። አንተ ማንን ፈልገህ ነው የመጣኸው?»

«የአቶ ታደሰን ለቅሶ…»

«እህ! የታደሰ ቤትማ ሁለተኛው መንገድ ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ያኛውንም ድንኳን የተከልነው እኛው እድርተኞቹ ነን። ሁለቱን በአንድ ቀን ቀበርን፤ እንዲህ ያለ ሳምንት አይምጣ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኚያ እናት፣ እትዬ አስካለ፣ ደጁ ላይ ቆመው ሰምተውናል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ተሳስቼ ነው። ሰው ለቅሶ ላይ መጥቼ…»

«ተው ቀና በል» አሉኝ። «ወንድሜ የባቡር ሠራተኛ ነበረ። ሚስትም ልጅም የለውም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ይመጣል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ ይሄዳል። ከእኔ በቀር አንድ ሰው እንኳ እንባ አላፈሰሰለትም። ማንም ሁን ማን፣ አንተ አለቀስክለት። እግዜር ይስጥህ።»

አባባ ተክሌን ግን ነገሩ አልለቀቃቸውም። ጋቢያቸውን እየለበሱ እስከ መንገዱ ሸኙኝ።

«ንጉሤና እኔ አብረን ነው ባቡር ላይ የሠራነው» አሉኝ። «የድሮው ባቡር ከቆመ ስንት ዘመኑ ነው! እሱ ግን ሁልጊዜ ሌሊት በባቡሩ ሰዓት ይነሳ ነበር። የሚጠራው የለም፤ እሱ ይነሳል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።» ከዚያ ቆም አሉና ክንዴን ያዙኝ። «አንተ ግን ልጄ፣ ለማን ነው ያለቀስከው?»

«አላውቅም አባባ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ወፍጮ ቤቱን አልፌ ሁለተኛውን ድንኳን አገኘሁት። ቁርጥ የፊተኛውን ነው፤ ቀለሙም፣ ጠርዙ ላይ ያለው ቀዳዳም። ወጣቶቹ ገመዱን እየፈቱ፣ ወንበሩን እየደራረቡ ነው። ሐና ጥቁር ለብሳ ደጅ ላይ ከተረፈ አንድ አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች። ዓይኔ ማበጡን አየች መሰለኝ ግራ ተጋባች።

አቀፍኳት። የተዘጋጀሁበትን ቃል ሁሉ ረሳሁት። ገና አፌን ሳልከፍት ቀድማኝ ጠየቀች።

«ሱሬ፣ ሲስተሙ ወጣ?»

አባቷን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ነው። በዚያች ሰዓት ምን እንዳደረግኳት፣ ሁለታችንም ምን እንደሆንን ተገለጠልኝ ብል ውሸት ነው።

«አላውቅም» አልኳት።

«እንዴት አታውቅም? ዘጠኝ ሰዓት አልፏል እኮ። አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ያን ጊዜ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ቢኒያም ነው። የዚያ ሰው ድምፅ ያለ ስልክም ቃሊቲ ይሰማል፤ ሐና አጠገቤ ሆና ሁሉንም ሰማችው።

«ሱሬ፣ ደውለህልኝ ነበር? ስብሰባ ላይ ሆኜ ነው።»

«ቢኒ፣ ይቅርታ፣ ሲስተሙን… አልደረስኩም…»

«የቱን ሲስተም? ትናንት ጻፍኩልህ እኮ! ደንበኛው በአንድ ሳምንት ይራዘም አለ፤ ኃላፊያቸው መስክ ወጥቷል አሉ። ለሾፌሮቹም ነግረዋቸዋል። ኢሜይል አታይም እንዴ አንተ? ዛሬ ምንም የለም፣ እረፍ ባክህ።»

ዘጋው። ገመድ የሚፈቱት ልጆች ይሳሳቃሉ። ሐና አግዳሚው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«በአንድ ሳምንት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ የጠየቅኩህ ሁለት ቀን ነበር።»

አልጮኸችም። እንደ ወትሮዋ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ብትሰድበኝ ምንኛ በቀለለኝ! አጠገቧ ተቀመጥኩና ድንኳኑ ሲወርድ አብረን አየን። በመጨረሻ እንባዬ ያለቀው በሰው ለቅሶ መሆኑን ነገርኳት፤ የተሳሳትኩትን፣ የተኛሁትን፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ላይ አልሳቀችም ያልኳችሁ እሷ ናት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ባወራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። በማግስቱ ቢኒያም ቢሮ ገብቼ «ደክሞኛል፣ እንደ ሰው አይደለሁም» አልኩት። ሲደነግጥ አየሁት። ለካ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም! ሁለት ሳምንት እናቴ ቤት ተኛሁ። እንቅልፍ ይፈታዋል ብዬ ነበር፤ አልፈታውም። ተመልሼ ስቀመጥ ያው ፍርሃት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጠበቀኝ። የሄድኩበት ሐኪም የጠየቀኝ ስለ ሥራው ብዛት አልነበረም፤ «እምቢ የምትለው ለማን ነው?» አለኝ። ቤቴ እስክገባ አሰብኩበት። ለደንበኛው እምቢ ብዬ አላውቅም። ለቢኒያም እምቢ ብዬ አላውቅም። እምቢ ያልኩት ለሐና ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሐና አትከራከርም።

አሁን እኔ ብቻዬን የማውቀው ሥራ እንዳይኖር ሁለት ልጆች ተቀጥረዋል፤ የማውቀውን እያስተማርኩ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? መጀመሪያ ላይ ማስተማሩ አመመኝ። ያለ እኔ ሲስተሙ ሲነሳ ሳይ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ። ስንቃጠል ሥራው ነው ያቃጠለን እንላለን። እኔ ግን ማገዶውን ራሴ ስጨምር ነበር፤ ለምን እንደሆነ ገና አልገባኝም። እሁድ ስልኬን አጠፋዋለሁ። ኪሴ ግን አልፎ አልፎ አሁንም ይንቀጠቀጥብኛል። ያን ጊዜ ለባቡሩ የሚነሱት ጋሽ ንጉሤ ትዝ ይሉኛል። ከእናንተ መካከል የሰው በር በቁልፉ እየታገለ «ደህና ነኝ» የሚል ካለ፣ ለአንድ ሰው እውነቱን ይንገር። ከዚህ በላይ ምክር የለኝም።

ሐና ሥራዋን ትለቃለች ብዬ ነበር። በወሩ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። መልቀቂያ መሰለኝ። ለአባቷ አርባ የሁለት ቀን ፈቃድ ጥያቄ ነው። «አንድ ሳምንት ተፈቅዷል» ብዬ ጻፍኩና ፈርሜ ሰጠኋት። አነበበችው። እስክሪብቶዬን ከጠረጴዛው አነሳች፣ «አንድ ሳምንት» የሚለውን ሰረዘችና ወረቀቱን መለሰችልኝ።

«ሁለት ቀን ነው የጠየቅኩህ» አለችኝ።

ሁለት ቀን ብዬ ጻፍኩት።

የአርባው ዕለት ሁለት ቤት ነበረብኝ። መጀመሪያ ሐና ቤት ሄድኩ፤ ከዚያ ወፍጮ ቤቱን አልፌ እትዬ አስካለ ጋ ገባሁ። አባባ ተክሌ በዚያው ጋቢ ተቀምጠው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«እህስ፣ ለማን እንዳለቀስክ አወቅከው?» አሉኝ።

«ግማሹን አባባ።»

«ግማሹም ደህና ነው።» ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ። «ያ ቦርሳህስ?»

«ቤት ትቼው መጣሁ» አልኳቸው።

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፣ እኔም ቀስ ብዬ በላሁ።